ስድስት ጥቅል፣ አንድ ቁልፍ

ጅቡቲ፣ ፕላቶ ዱ ሰርፓን
ጥቅምት 11 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለክቡር ጋሽ አለምሰገድ
የከሰል ሰፈር የምድር ውስጥ ኮረንቲ ሹም፣ ደግሞም የእህቴ ባል

ጉዳዩ፦ «ገመዱ የት ገባ?» ለሚለው ቁጣ የተሰጠ ምላሽ

ጋሼ፣ እንደምን ሰነበትክ? እኔ ሙቀቱ ካላቀለጠኝ በቀር ደህና ነኝ። ደብዳቤህን ጌቾ ከመኪናው ሳይወርድ በመስኮት አቀበለኝና «ይሄ ሰውዬ ፖስታውን ሲያሽግ እንኳ እየተሳደበ ነው» አለኝ። ከፍቼ አነበብኩት። ሹፌር ሰው ያውቃል።

ለምን በስልክ አልነገርሽኝም ላልከው፦ አንተ ከመሬት በታች ነህ፤ ስልክህ ብልጭታ ያመጣል ተብሎ ዘበኛው ሳጥን ውስጥ ታስሯል። ስትወጣ ደግሞ ገደላችሁ ውስጥ ኔትወርክ የለም። ስለዚህ ዓለም ሁሉ በጣቱ ሲያወራ እኔና አንተ በከባድ መኪና እንጻጻፋለን። ከጅቡቲ እስከ ሞጆ ጌቾ፣ ከሞጆ እስከ ገደሉ ደግሞ የከሰል መኪናው ሹፌር ባንቴ። ስምንት ቀን። በበቅሎ ይፈጥን ነበር፤ ግን በቅሎ ጉምሩክ አታውቅም።

ወደ ገመዱ ልምጣ። አልጠፋም። ወደብ ውስጥ ነው፤ ማክሰኞ ዕለት በዓይኔ አይቼዋለሁ። ሦስት መቶ ሜትር፣ ጥቁር፣ እንደ ክንዴ የወፈረ፣ እኔን በሚያህል የእንጨት መንኮራኩር ላይ ተጠቅልሎ እንደ ዘንዶ ተኝቷል። ታዲያ ምን ይጠብቃል? ወረቀቱን ነዋ። ሻጩ አገር ያለ አንድ ጸሐፊ ካለፈው ዓመት ሰነድ ላይ ገልብጦ «ስድስት ጥቅል፣ እያንዳንዱ ሃምሳ ሜትር» ብሎ ጽፏል። የመጣው አንድ ጥቅል ነው። ድምሩ ልክ ነው፤ ቁጥሩ ግን አልገጠመም። በኛ ሙያ፣ ጋሼ፣ ዕቃው ወረቀቱ ነው፤ መጋዘን ውስጥ የሚታየው የወረቀቱ ጥላ ነው። ጥላው ከባለቤቱ ጋር ካልተመሳሰለ አይወጣም።

አለቃዬን ሙሴ ከይረዲንን «ወረቀቱን እናርም» ብላቸው በፈረንሳይኛ ተነፈሱ። ከሻጩ አዲስ ዝርዝር፣ ከመርከቡ ወኪል ማኅተም፣ ከዚያ ደግሞ የማኅተሙ ማረጋገጫ፤ ሦስት ሳምንት። «ኢንሻላህ» ሲሉበት ደግሞ አምስት ሆነ።

አሮጌው ገመድ ግን ምን ሆነና ነው እንዲህ የምትቸኩለው? ይሠራ የለም እንዴ?

አክባሪህ፣
ፀዳል፣ የቀይ ዓሣ ትራንዚት ሰነድ ክፍል

ግልባጭ፦ ለእህቴ ለየምስራች (እንዳይላክ። ባሏ ቢሮ ውስጥ የሚሠራ ይመስላታል።)


ከሰል ሰፈር
ጥቅምት 19 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለፀዳል፣

ሹም አትበይኝ። ሹም የሚባለው ወንበር ያለው ነው።

«ይሠራ የለም እንዴ» ብለሽ መጠየቅሽ አልገረመኝም፤ የሥራ አስኪያጃችን የአቶ ሙሉሰውም ጥያቄ ይኸው ነው። አዎ፣ ይሠራል። ይህ ገመድ ከሰል የሚቆርጠውን ማሽን ተከትሎ ቀኑን ሙሉ ድንጋይ ላይ ይጎተታል። ጋሪ ይሄድበታል፣ ከጣሪያ ይወድቅበታል፣ ውሃ ይተኛበታል፣ ሰው ይቀመጥበታል። ትናንት ከጫፍ እስከ ጫፍ በእጄ እየዳበስኩ ቆጠርኩት። ናስትሮ የተጠመጠመበት ቦታ አሥራ ዘጠኝ ነው። ገመድ ነው ለማለት ድፍረት ይጠይቃል፤ ናስትሮ ነው፣ መሃል መሃሉ ላይ ገመድ አለበት።

ኮረንቲ ወደ ውጭ ሲያመልጥ በራሱ የሚያጠፋ መከላከያ ነበረን። በቀን አሥር ጊዜ ማሽኑን ሲያቆምባቸው አቶ ሙሉሰው «ይሄ መሣሪያ ፈሪ ነው» አሉና በሽቦ አሳሰሩት። ጀግና ሆነ። አሁን ምንም ቢፈጠር ንቅንቅ አይልም። በየፈረቃው ሃያ ሦስት ሰው በዚህ ጀግና ሥር ይወርዳል።

የምስራችን አልዋሸኋትም። ጠረጴዛ አለኝ፣ ወንበር ባይኖረኝም። ጠረጴዛው ሁለት መቶ ሜትር ከመሬት በታች መሆኑን አልጠየቀችኝም፣ አልነገርኳትም።

ፀዲ፣ ፍጠኚ። የምታውቂውን ዘዴ ሁሉ አውጪ። በዚህ ቤተሰብ ውስጥ ከወረቀት ጋር ተናንቆ የሚጥል ካንቺ ሌላ የለም።

አለምሰገድ


ጅቡቲ፣ ፕላቶ ዱ ሰርፓን
ጥቅምት 28 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለክቡር ጋሽ አለምሰገድ

ጉዳዩ፦ ድል

ይህን ደብዳቤ ተቀምጠህ አንብብ፤ ወንበር ከሌለህ ጠረጴዛህ ላይ ውጣ። ሦስት ሳምንት የተባለው በሦስት ሰዓት አለቀ!

«የምታውቂውን ዘዴ ሁሉ አውጪ» ያልከው ደብዳቤ ትናንት ደርሶኝ እንቅልፍ ነሣኝ። አሥራ ዘጠኝ ናስትሮ! ጠዋት ሚኒባሱ ውስጥ ተጨናንቄ ከዋራበሌ ስመጣ ሐሳቡ ዱብ አለልኝ። ወረቀቱን ለማረም ሦስት ሳምንት ይፈጃል። ዕቃውን ለማረም ግን ማን ከለከለ? በየትኛው አንቀጽ? ቢሮ እንደገባሁ ለሙሴ ከይረዲን ነገርኳቸው። ከወንበራቸው ተነሥተው እጄን ጨበጡኝ። በስምንት ዓመት ውስጥ ሲነሡ ያየሁት ሁለተኛ ጊዜ ነው፤ የመጀመሪያው ለምሳ ነው።

ዛሬ ወረቀቱ «ስድስት ጥቅል፣ ሃምሳ ሃምሳ ሜትር» ይላል፤ ዕቃውም ስድስት ጥቅል፣ ሃምሳ ሃምሳ ሜትር ነው። ታረቁ። አንዲት ሳንቲ ሜትር አልጎደለም፤ ራሴ ቆሜ አስለካሁ። የመጋዘኑ ሠራተኛ ኡበይድ መጋዙን እንደያዘ ሁለት ጊዜ ዞሮ አየኝ።

«እህቴ፣ ይሄን መልሶ የሚሰፋው ማነው?» አለኝ።

«አንተ ብቻ ቁረጥ። የሚሰፋው የእህቴ ባል ነው፤ አሥራ ዘጠኝ ጊዜ ሰፍቶ ያውቃል» አልኩት።

ጌቾ ነገ ጭኖ ይነሣል። ይህ ደብዳቤ ከገመዱ ጋር ይመጣልሃል። ባለፈው በላክሁት ብጣሽ ወረቀት «ገመድ ቢቀጠል ምን ይሆናል?» ብዬ የጠየቅሁህን አሁን ተወው፤ መልሱን ለመጠበቅ ጊዜ አልነበረም።

አሸናፊዋ፣
ፀዳል

ግልባጭ፦ ለታሪክ


ከሰል ሰፈር
ጥቅምት 29 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለፀዳል፣

ብጣሽ ወረቀትሽ ደረሰችኝ። «ለመሆኑ ገመድ ቢቀጠል ምን ይሆናል?» ብለሻል። እዚህ ሰፈር ሦስት ዓመት ስሠራ ይህን የጠየቀኝ አንድ ሰው የለም፤ አንቺ ከባሕር ዳርቻ ሆነሽ ጠየቅሽኝ። ስለዚህ ቸኩዬ አልመልስም።

ከሰል ሲቆረጥ ጋዝ ይተነፍሳል። ሽታ የለው፣ ቀለም የለው፤ እንደ ጨዋ እንግዳ ጣሪያው ሥር ተቀምጦ ይጠብቃል። የሚጠብቀው አንዲት ብልጭታ ነው። ገመዱ ከፋብሪካ እንደወጣ ሙሉውን ከመጣ፣ ኮረንቲው በወፍራም ጎማ ታሽጎ ያልፋል። የተቀጠለ ቦታ ግን በር ነው። ናስትሮ ደግሞ በር ላይ የተሰቀለ መጋረጃ ነው፤ መጋረጃ ሌባ አይመልስም። ሲጎተት ይላላል፣ ውሃ ይገባዋል፣ ይሞቃል፣ አንድ ቀን ብልጭ ይላል። ከዚያ በኋላ ስለ ገመድ የሚጽፍልሽ አይኖርም።

በወጉ መቀጠል አይቻልም አላልኩም። ጎማውን በሙቀት የሚያዋህድ ማሽን ሲኖር፣ ከተቀጠለም በኋላ የሚፈትሽ መሣሪያ ሲኖር ይቻላል። አቶ ሙሉሰውን ማሽኑን ይግዙልን ብላቸው ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው? «ከተማ ጎሚስታ አለ አይደል? እሱም ጎማ ነው የሚለጥፈው።» እየቀለዱ መስሎኝ ሳቅሁ። ማግስቱን የጎሚስታውን ዋጋ ጠይቅ ተብዬ በደብዳቤ ታዘዝኩ።

እና ያ ሙሉ ገመድ ለኔ ገመድ አይደለም። ሦስት መቶ ሜትር ሙሉ እንቅልፍ ነው። ወረቀቱ ዘግይቶም ቢሆን ሙሉውን ላኪው።

ስለ ጽሕፈቴ መንጋደድ ይቅርታ። በግራ እጅ መጻፍ እየተለማመድኩ ነው፤ ሰው ሁለቱንም እጁን ማሠልጠን አለበት።

አለምሰገድ


ጅቡቲ፣ ዋራበሌ
ኅዳር 8 ቀን 2018 ዓ.ም.

ጋሼ፣

ዛሬ ጉዳዩ የሚል መስመር የለም።

ከገመዱ ጋር አንድ ደብዳቤ ይደርስሃል። በእናትህ አታንብበው። «ድል» የሚል ርዕስ አለው፤ በሱ ታውቀዋለህ። ካነበብከው ደግሞ የጻፈችው ሌላ ፀዳል ናት። እኔ አላውቃትም፤ ብትሞትም አልቀብራት።

ያንተ መልስ ትናንት ደረሰኝ። ቢሮ ውስጥ ቆሜ አነበብኩት፤ ከዚያ ወደ መጋዘን ሄድኩ። ኡበይድ ባዶው መንኮራኩር ላይ ተቀምጦ ሻይ ይጠጣል። አየኝና ፊቱን ወደ ሻዩ መለሰ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ጌቾ ጋ ደወልኩ። «ሞጆ ላይ ለባንቴ አስረክቤያለሁ፤ ስድስት ጥቅል ብሎ ፈርሟል። ምነው፣ ጎደለ?» አለኝ። የማዕድኑ አዲስ አበባ ቢሮ ደወልኩ። እንዲህ ሆነልህ፦

«ገመዱን ዋሻ እንዳታስገቡት፤ ተቆርጧል» አልኳት ስልክ ያነሣችውን።

«ስንት ሜትር ነበር የታዘዘው?»

«ሦስት መቶ።»

«ስንት ሜትር ነው የተላከው?»

«ሦስት መቶ፤ ግን...»

«እንግዲያው ምን ጎደለ? ቅሬታ ካለሽ በጽሑፍ አቅርቢ።» ዘጋችው።

በጽሑፍ አቀረብኩ። ሙሴ ከይረዲን ማኅተም ከለከሉኝ። «ማድሙአዜል፣ ወረቀቱና ዕቃው ከተስማሙ በኋላ የምን ጠብ ነው የምታነሺው?» አሉኝ። ስምንት ዓመት ያስተማሩኝን ነው መልሰው የነገሩኝ። ጋሼ፣ ወረቀቱ ትክክል ነው፣ ቁጥሩ ትክክል ነው፣ ፊርማዬም ትክክል ነው። በዚህ ሁሉ ትክክል መሃል ሃያ ሦስት ሰው ሊያልቅ ነው፤ እኔ ደግሞ ስሕተቱን የምጽፍበት ሳጥን ቅጹ ላይ የለም።

ይቅርታ ብዬ ልጽፍ ጀምሬ ሦስት ወረቀት ቀደድኩ። ገመድ ቆርጦ በይቅርታ መቀጠል ናስትሮ ነው።

እጅህን ምን ነካው? የግራ እጅ ሥልጠናውን ለየምስራች ንገራት፤ ለኔ እውነቱን።

ፀዳል


ከሰል ሰፈር
ኅዳር 16 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለፀዳል፣

«አታንብበው» የሚለው ደብዳቤሽ የደረሰኝ፣ ያኛውን ካነበብኩ ከሁለት ቀን በኋላ ነው። እንኳን አነበብኩት። ስለ ጠረጴዛዬ የጻፍሽው ላይ ስቄያለሁ፤ የቀረው ላይ አልሳቅሁም።

ተቆጥቻለሁ? አዎ። ሁለት ቀን ሙሉ ስሰድብሽ ከርሜ ሦስተኛው ቀን ላይ ደከመኝ። ፍጠኚ ያልኩሽ እኔ ነኝ። ሙሉ ገመድ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ሳልነግርሽ «ዘዴ አውጪ» አልኩሽ። እኛ ሰዎች አደጋውን የምናስረዳው ከተጠየቅን በኋላ ነው፤ የሚጠይቀን ደግሞ ከቆረጠ በኋላ ነው።

ስድስቱ ጥቅል ሲወርድ አቶ ሙሉሰው ጮቤ ረገጡ። «አየህ፣ ስድስት! አንዱ ቢበላሽ አምስት አለን!» አሉኝ። ስድስቱን ለማገናኘት አምስት ቦታ መቀጠል እንዳለበት፣ እያንዳንዱም በር እንደሆነ አስረዳኋቸው። ሰሙኝ፣ አመሰገኑኝ፣ አንድ ካርቶን ናስትሮ አስመጡልኝ።

እጄን ጠይቀሻል። ቀኝ እጄ ተቃጥሏል። አሥራ ዘጠነኛው ናስትሮ ነው ያደረገው። ያን ቀን ጋዙ ትንሽ ነበር፣ እግዚአብሔርም ትንሽ ቀርቦ ነበር። ጣቶቼ ይድናሉ ብሎኛል ሐኪሙ። ለየምስራች እኔ እነግራታለሁ። (አትንገሪያት።)

አሁን ስሚኝ። የምሠራው ነገር አንድ ብቻ ቀርቶኛል፤ ሠርቼዋለሁም። የማሽኑን ማብሪያ አጥፍቼ በጓጉንቸር ቆልፌዋለሁ። አየር ማስገቢያውና የውሃ ፓምፑ በሌላ መስመር ነው፣ አልነካኋቸውም። ሰዎቹ በመዶሻና በዶማ እየቆፈሩ ነው፤ ከሰሉ ከሩብ በታች ወርዷል፣ ጩኸቱ አራት እጥፍ ወጥቷል።

በኛ ሙያ አንድ ሕግ አለ። የቆለፈው ሰው ቁልፉን በኪሱ ይዞ ይዞራል፤ ሌላ አይነካውም። ጓጉንቸሩን መጋዝ ይቆርጠዋል፣ አዎ። ግን የሰው ጓጉንቸር የሚያስቆርጥ ኃላፊ መዝገቡ ላይ «ለሚደርሰው ሁሉ ተጠያቂ እኔ ነኝ» ብሎ ስሙን መጻፍ አለበት። አቶ ሙሉሰው ጋዝ አይፈሩም። ፊርማ ይፈራሉ።

የኔን ኪስ ግን ይፈትሹታል፤ ደግሞም ኪሱ የኔ ነው፣ እኔም የሚያባብሉኝ ሰው ነኝ። ስለዚህ ቁልፉ በዚህ ፖስታ ውስጥ አለ። ከዛሬ ጀምሮ ኪሴ አንቺ ነሽ። ሁለተኛው ገመድ፣ ለአዲሱ ቦይ የታዘዘው፣ በጥር መርከብ ይመጣል ተብሏል። እሱ ሙሉውን ሲደርስ ቁልፉን ከሱ ጋር ላኪው። ከዚያ በፊት ላኪልኝ ብዬ ብጽፍልሽ እንኳ አትላኪ።

አለምሰገድ


ከሰል ሰፈር
ቁጥር፦ ከሰ/217/18
ታኅሣሥ 1 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለወ/ሪት ፀዳል፣ ጅቡቲ

ጉዳዩ፦ ቁልፍ ስለመመለስ

እኔ አለምሰገድ፣ ማንም ሳያስገድደኝ፣ ሥራ አስኪያጁ አቶ ሙሉሰው በተገኙበትና እያንዳንዱን ቃል እየነገሩኝ በሙሉ ፈቃዴ እንደምገልጸው፣ ቁጥሩ ከላይ በተጠቀሰው ድርጅት ንብረት ላይ የሚገኘው ቁልፍ በስሕተት ወደ እርስዎ የተላከ ስለሆነ፣ ይህ ደብዳቤ በደረሰዎት በሃያ አራት ሰዓት ውስጥ እንዲመልሱልን በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ሠራተኛው ሥራ ፈትቶ በመቸገሩ፣ እኔም ከሥራ ታግጄ በመገኘቴ፣ በደጄ የሚያልፈው ሁሉ «ቁልፉ የት ነው?» እያለኝ በመሆኑ ነገሩ አስቸኳይ ነው። ይህ የመጨረሻው አረፍተ ነገር የራሴ ነው፤ አቶ ሙሉሰው አልነገሩኝም፣ ግን አልሰረዙትም። ፀዲ፣ እውነት ደክሞኛል። ብትልኪውም አልቀየምሽ።

ከሠላምታ ጋር
አለምሰገድ (ፊርማ)
ሙሉሰው (ማኅተም ብቻ)


ጅቡቲ፣ ፕላቶ ዱ ሰርፓን
ታኅሣሥ 12 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለከሰል ሰፈር ማዕድን ሥራ አስኪያጅ

ጉዳዩ፦ በቁጥር ከሰ/217/18 ስለተጠየቀው ቁልፍ

ክቡርነትዎ እንደሚያውቁት ማንኛውም ብረት ነክ ዕቃ ያለ ሰነድ ድንበር አያልፍም። ቁልፉ ጅቡቲ በሰላም ገብቷል። ይሁንና ለመውጣት የትውልድ አገሩ ማስረጃ፣ የዋጋ ዝርዝሩ፣ የክብደት ምስክሩና «ቁልፉ የኔ ነው፣ ማብሪያውን የማስከፍተውም እኔ ነኝ» የሚል በክቡርነትዎ እጅ የተፈረመ ደብዳቤ ያስፈልጋል። ማኅተም ብቻ አይበቃም። ፊርማዎ እንደደረሰን ጉዳዩን በሦስት ሳምንት ውስጥ፣ ኢንሻላህ በአምስት፣ እንፈጽማለን።

ከአክብሮት ጋር
ፀዳል

(ከዚህ በታች ያለው ለጋሼ ብቻ። ባንቴ፣ እባክህ ቅደድና ለሱ ስጠው።)

ጋሼ፣ አትልኪ ብለኸኛል፤ አልልክም። ደብዳቤህን ሳነብ ሁለት ጊዜ ፖስታ አነሣሁ። ሦስተኛው ላይ ቁልፉን በክር አድርጌ አንገቴ ላይ አሰርኩት። አከራዬ ኑሪያ አይታ «ክታብ ነው?» አለችኝ። አዎ አልኳት። «ከምን ያድናል?» ስትለኝ ከኔ አልኳት።

እና ለየምስራች ነገርኳት። አትንገሪያት ብለህ ነበር፤ ግን ከሥራ ታግጃለሁ ብለህ ስትጽፍልኝ ከዚህ በኋላ የምዋሸው ውሸት አለቀብኝ። ስልኩ ላይ እንዲህ ነበር፦

«ሁለት መቶ ሜትር? ወደ ታች?»

«ወደ ታች።»

«ጠረጴዛ አለኝ ያለኝስ?»

«ጠረጴዛውም እዚያው ነው።»

  ከዚያ «ቁልፉ አንቺ ጋ ነው?» አለችኝ። አዎ አልኳት። «እንግዲያው እንዳትሰጪ። እግዜር ሲስማማ እሱን እኔ እጨርሰዋለሁ።»

ስለዚህ አሁን ከጋዙ ብትተርፍ እንኳ አልተረፍክም።

ደግሞ ሌላ። በየቢሮው የስድስቱ ጥቅል ጉዳይ «ተጠናቋል» ተብሎ ተዘግቷል። ለማስከፈት አራት ደጅ ጠናሁ። ራስ ዲካ ድረስ በፀሐይ በእግሬ ሄጄ የመርከቡን ወኪል ለመንኩት። አንዱም «ስሕተት ነው» ብሎ የሚጽፍልኝ አልተገኘም፤ ስሕተት ሁሉ ባለቤት ይፈልጋልና። በመጨረሻ እኔው ጻፍኩት፦ «ገመዱን ያስቆረጥኩት እኔ ነኝ፤ ለምድር ውስጥ ሥራ አይውልም።» ፈረምኩና ለሁሉም በተንኩ። ሙሴ ከይረዲን ከወንበራቸው ተነሡ። ሦስተኛ ጊዜ። ከወር ደመወዜ ሊቆርጡ፣ ከሰነድ ክፍልም ወደ መጋዘን ሊያወርዱኝ ነው የተነሡት። አሁን የምሠራው ከኡበይድ ጋር ነው። ሻይ ያፈላልኛል። ገመድ ግን አያስነካኝም።


ጅቡቲ፣ ወደብ መጋዘን
ጥር 17 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለክቡር ጋሽ አለምሰገድ

ጉዳዩ፦ ሙሉ ገመድ ስለመላክ

«ሙሉ መሆኑን በምን ታውቂያለሽ?» ላልከው መልሴ ይኸውልህ፦ በጥርጣሬ። መርከቡ ገና ሳይደርስ የሻጩን ወረቀት አስልኬ አየሁት፤ ያው ጸሐፊ፣ ያው «ስድስት ጥቅል»! ሰውየው ስድስትን ይወዳል። አሁን የሰነድ ክፍል አይደለሁም፤ ቢሆንም በየቀኑ እየደወልኩ ስድስቱን አንድ እስኪያደርገው አሰለቸሁት። ወረቀቱ ከዕቃው ቀድሞ ታረመ፤ ሙሴ ከይረዲን እንዲህ ያለ ነገር አይተው አያውቁም፣ ደንግጠው ፈረሙ።

መንኮራኩሩ ሲወርድ እኔና ኡበይድ ዞርነው። ገመዱ ላይ በየሜትሩ ቁጥር ታትሟል። ውስጠኛው ጫፍ አንድ ይላል፣ ውጨኛው ሦስት መቶ። የሚገለጠውን ያህል ገልጠን በእጃችን ዳበስነው፤ እኔ በቀኝ፣ እሱ በግራ። መጋዘኑ ውስጥ ያለውን መጋዝ ሁሉ ኡበይድ ከማለዳ ጀምሮ የሆነ ቦታ ደብቆታል። የት እንደሆነ ጠየቅሁት። «ለአንቺ አይነገርም» አለኝ። ልክ ነው።

አቶ ሙሉሰው እንዳልፈረሙና ጓጉንቸሩም ሳይቆረጥ እንደቆየ ባንቴ ነግሮኛል። ስድሳ ቀን፣ ጋሼ! በስድሳ ቀን ውስጥ ሃያ ሦስቱን ያዳናቸው የአንድ ሰው የፊርማ ፍርሃት ነው። ለዚህም ሐውልት ይገባው ነበር፤ ግን የምርቃቱን ወረቀት ማን ይፈርማል?

አሁን የመጨረሻውን መከራዬን ስማ። ቁልፉን ከመንኮራኩሩ ጋር በሽቦ አሰርኩት። ጌቾ ሞተሩን አስነሣ። ፈታሹ መጣ፣ ወረቀቱን አየ፣ ዕቃውን አየ፣ ቁልፉን አየ።

«ይሄ እዚህ ላይ የለም» አለ።

«ቁልፍ ነው እኮ።»

«ቁልፍ መሆኑን አላጣሁትም። ወረቀቱ ላይ የለም። ወይ ፍቺው፣ ወይ አስገቢው።»

ጌቾ «በቃ እኔ ኪሴ ልክተተው» አለ። እንቢ አልኩ። አንድ ጊዜ በአቋራጭ ሄጄ ያመጣሁትን አይቻለሁ። ጌቾ ሞተሩን አጠፋና መሪው ላይ ተኛ፤ እኔ ቅጹን ይዤ መንኮራኩሩ ሥር ተቀመጥኩ። ከገመዱ ቀጥሎ ባለው መስመር «ቁልፍ፣ ያገለገለ፣ አንድ» ብዬ ጻፍኩ። ክብደት፦ ኡበይድ በእጁ መዝኖ ነገረኝ። የትውልድ አገር፦ ከሰል ሰፈር። ዋጋ የሚለው ጋ ስደርስ ብዕሬ ቆመ። ባዶ ከሆነ አያልፍም፤ ቃል ከሆነም አያልፍም፤ ቁጥር ይፈልጋል።

ሃያ ሦስት ብዬ ጻፍኩ።

«ሃያ ሦስት ምን?» ይለኛል ብዬ መልሴን አዘጋጅቼ፣ ጉሮሮዬን ጠርጌ ቆምኩ። አልጠየቀኝም። አየው፤ ቁጥር ነው፣ ባዶ አይደለም። ማኅተሙን መታበት።

ደርሶህ ስትከፍተው በቀኝ እጅህ ክፈተው፤ ከዚያም በዚያው እጅህ ጻፍልኝ።

የቀድሞ ኪስህ፣
ፀዳል

ግልባጭ፦ ለእህቴ ለየምስራች (ይላክ)